ሱሺ ለመብላት መጠቅለል የለብሽም

ልጄ፣

ትናንት «ሱሺ አማረኝ፣ ግን ዋጋው አይቀመስም» ያልሽኝን ሳስብ ነበር። እቤትሽ ሥሪው። መጠቅለሉን ተይው፤ ጃፓኖችም ቤታቸው ሁልጊዜ አይጠቀልሉትም። ሩዙን ሳህን ላይ ያደርጉና እንቁላሉን፣ ዓሣውን፣ አትክልቱን ከላይ ይበትኑበታል። ቺራሺ ነው የሚሉት። ማርች 3 ሂናማትሱሪ የሚባል የሴት ልጆች በዓል አላቸው፤ ቤተሰብ ለሴት ልጁ ጤናና መልካም ዕድል የሚመኝበት ቀን ነው። የዚያን ቀን በብዙ ቤት የሚቀርበው ይሄው ቺራሺ ነው። ላንቺ ልጽፍልሽ የፈለግኩትም አንድም በዚህ ነው።

ዋናው ሩዙ ነው። ባስማቲ አይሆንም፤ ፍሬው ይበታተናል። እዚያ አሜሪካ ካልሮዝ የሚባለውን አታጪም። በ1948 ካሊፎርኒያ ውስጥ የወጣ ዘር ነው፤ ፍሬው መካከለኛ፣ ዋጋውም ደህና።

2 ኩባያውን ውሃው እስኪጠራ እጠቢው። እዚህ ላይ አትቸኩዪ፣ ስታርቹ ካልወጣ ይላቁጥብሻል። ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊውና አጥልዪው። ከዚያ በ2 ኩባያ ከሩብ ውሃ ጣጂው። ሲፈላ እሳቱን ቀንሰሽ ክደኚው፤ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ካወረድሽው በኋላም እንደተከደነ 10 ደቂቃ ይቆይ። መክደኛውን እየከፈትሽ አትዪው፣ እንፋሎቱ ነው የሚያበስለው።

እስከዚያው 4 የሾርባ ማንኪያ የሩዝ አቼቶ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ለብ አድርገሽ አሟሚ። አይፍላ። ሩዙን ሰፊ ሳህን ላይ ገልብጪና ትኩስ እያለ አፍስሺበት። እንደ ወጥ አታማስዪው፤ የእንጨት ማንኪያውን በጎኑ ይዘሽ እየቆራረጥሽ ገልብጪው። በሌላ እጅሽ በካርቶን አራግቢለት። እንፋሎቱ ሲወጣ እያንዳንዱ ፍሬ ያብረቀርቃል፤ ያኔ ደርሷል ማለት ነው። ቅመሺው። ለብቻው የሚበላ ካልሆነ ከላይ የሚደረገው ነገር አያድነውም።

ጥሬ ዓሣ ግን አደራ። ጥገኛ ትሎች ሊኖሩበት ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ ጥሬ ለሚበላ ዓሣ የተቀመጠው አንዱ ደንብ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 7 ቀን ማቆየት ነው። የቤት ፍሪዘር ግን ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ላይ ነው የሚቆመው፤ እዚያ አይደርስም። ማሸጊያው ላይ «ለሱሺ የሚሆን» ተብሎ መጻፉም በሕግ የተወሰነ ትርጉም የለውም። ስለዚህ የተቀቀለ ሽሪምፕ ወይም በማዮኔዝ የታሸ የቆርቆሮ ቱና ይበቃሻል። ሳልመን ካማረሽ ጠብሺው። የምግብ ፍላጎትሽን አከብራለሁ፣ ሆድሽን ግን ለዕድል አትስጪብኝ።

የቀረው ቀላል ነው። እንቁላል በስሱ ጠብሰሽ ጠቅልዪና እንደ ክር ቁረጪው። ኪያር፣ ካሮት፣ አቮካዶ፣ የተቆላ ሰሊጥ። ኖሪውን፣ ያንን እንደ ወረቀት የሳሳ የደረቀ የባሕር አረም፣ መጨረሻ ላይ፣ ልትበዪ ስትይ በመቀስ ከርክሚበት፤ ቀድመሽ ካደረግሽው እርጥበት ስቦ እንደ ላስቲክ ይሆናል። ሶይ ሶሱን ሩዙ ላይ አታፍስሺ፣ ጠብ ጠብ አድርጊበት። ጨዋማ ነው።

ረቡዕና ዓርብ እንቁላሉን፣ ዓሣውንና ማዮኔዙን ትተሽ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራውን) በሶይ ሶስና በዝንጅብል ጥበሺ። የጾም ምግብ ሰለቸኝ ለምትይው ይሄ ጥሩ መላ ነው፤ እኔ እንዲያውም ከዓሣው አስበልጠዋለሁ።

ሩዙን የምትጨርሺውን ያህል ብቻ ሥሪ። ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይደርቃል፣ ውጭ ማሳደር ደግሞ አይሆንም፤ ውጭ ያደረ የበሰለ ሩዝ ሆድ ያሳምማል። አብራሽ ለምትኖረው ልጅም አካፍያት። አቼቶውን ስትገዢ ነጩን የሩዝ አቼቶ እዪ፤ «የተቀመመ» የሚለው ስኳርና ጨው ስላለው ከላይ የጻፍኩልሽን ልክ ያበላሽብሻል።

እናትሽ