ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ በኮሪደሩ ላይ ስለተሰቀለው ሥዕል

ድሬዳዋ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ሙቀቱ በመበርታቱ የጠዋቱ ትምህርት ከወትሮው ቀደም ብሎ እንደሚጀመር፣ የውጤት ካርድም በወላጆች ስብሰባ ዕለት እንደሚሰጥ እናሳውቃለን።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያስገደደን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በክወናና ዕይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ልጆቻችሁ እየተማሩበት ያለው፣ በኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው “ቃራሚዎቹ” የተባለ ሥዕል ቅጂ እንዲወርድ ከተለያዩ ወላጆች ጥያቄ ቀርቦልናል። ጥያቄውን በአክብሮት ተቀብለን ከመምህራን ጋር ተወያይተንበታል። ሥዕሉ አይወርድም። ምክንያቱን ማወቅ ግን መብታችሁ ነው።

ሥዕሉን በወሬ ብቻ ለሰማችሁ ልግለጸው። ሠዓሊው ዣን ፍራንሷ ሚሌ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1857 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ቀረበ፤ ዛሬም እዚያው ከተማ በኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። አጨዳ ባለቀበት ማሳ ላይ ሦስት ሴቶች የወደቀ የስንዴ ዛላ ይለቅማሉ። ሁለቱ እስከ መሬት አጎንብሰዋል፤ ሦስተኛዋ ግማሽ ቀና ብላለች። በግራ በኩል ያለችው አንድ እጇ መሬት ላይ ሲለቅም፣ ሌላው እጇ የተቃረመውን ይዞ ከወገቧ ላይ አርፏል። ከኋላቸው በርቀት ክምሩ ተከምሯል፣ ጋሪው ሞልቷል፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራውን ይቆጣጠራል። ሴቶቹ ለብሰዋል፣ ሻሽ አስረዋል። “ነውር ያለበት ሥዕል” ያላችሁን ወላጆች፣ ነውሩ የትኛው ጥግ ላይ እንደሆነ መጥታችሁ እንድታሳዩን በትሕትና እንጠይቃለን።

“ገንዘብ ከፍለን የምናስተምራቸው ከእንዲህ ያለው ኑሮ እንዲያመልጡ ነው” ትሉ ይሆናል። እኛም የምንደክመው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ልጅ ከድካም የሚያመልጠው ደካሚውን ባለማየት አይደለም። እስከ ከፊራ ገበያ የሚደርሰው ቲማቲምና ሽንኩርት፣ በየበራችን የሚመጣው ወተት፣ ከሐረርጌ ገጠር የሚገባው ማሽላ በማን ትከሻ እንደሚመጣ ልጆቻችን በየቀኑ እያዩ ያልፋሉ። በዚህ ክፍለ ጊዜ ቆም ብለው እንዲያዩ ነው የጠየቅናቸው።

“የፈረንጅ ድህነት ለእኛ ምን ያደርግልናል?” የሚልም አይጠፋም። ቃርሚያ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ሩት በቦዔዝ እርሻ ስትቃርም በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፏል፤ ቁርአንም በመኸር ቀን የእህሉ ሐቅ እንዲሰጥ ያዝዛል። የሁለቱም እምነት ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይህን እርስ በርስ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ፤ ያነሡትም ራሳቸው እንጂ መምህሩ አይደለም።

ሥዕሉ ያኔም ሁሉን አላስደሰተም። የፈረንሳይን ንጉሥ ከዙፋን ካወረደው እ.ኤ.አ. የ1848ቱ አብዮት ገና አሥር ዓመት ስላልሞላ፣ የደላቸው የፓሪስ ሰዎች ደሃ ገበሬዎችን እንዲህ ገዝፈው ማየቱ አስፈራቸው፤ የጋዜጣ ተቺዎችም ሠዓሊውን ወረፉት። ሚሌ ግን የኖርማንዲ ገበሬ ልጅ ነው፤ በወጣትነቱ እርሻ ላይ ሠርቷል። ለነገሥታትና ለጦር አዛዦች ይሰጥ የነበረውን የፊት ቦታ ለሦስት ቃራሚዎች የሰጠው የሚያውቀው ሥራ ስለሆነ ነው። ይህ ለልጆቻችን የማይገባ ትምህርት ከሆነ፣ የሚገባው የትኛው እንደሆነ ብትነግሩን እንወዳለን።

ስለ ጊዜውም እንነጋገር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና መቃረቡን ከማንም በላይ እናውቃለን። ይህ ክፍለ ጊዜ በሥርዓተ ትምህርቱ የተመደበ ነው፤ ከሒሳብም ከሳይንስም አልተወሰደም። ቅጂውን ለማሳተም የወጣው ገንዘብም በወርሃዊ ክፍያችሁ ላይ አልተጨመረም፤ አይጨመርምም።

ከሁሉም ያሳዘነኝ የቤት ሥራው ጉዳይ ነው። ተማሪዎች በአካባቢያቸው የምትሠራ አንዲት ሴት እንዲሥሉ ታዘዙ። አንድ ደብተር “የልጄ እናት ገበሬ አይደለችም” ከሚል ማስታወሻ ጋር ባዶውን ተመለሰ። ማንም ናት አላለም። የባንክ ሠራተኛም፣ ነርስም፣ ልብስ ሰፊም መሣል ይቻላል። ደግሞስ እናታችን ወይም አያታችን ማጭድ ያልጨበጠች ስንቶቻችን ነን? አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አያቷን የማሽላ ዛላ ስትቆርጥ ሥላለች። ፊቷ አይታይም። ተረከዟ ግን ስንጥቁ ሳይቀር በእርሳስ አንድ በአንድ ተሠርቷል፤ ከጎኗ የተጋደመው አገዳም ቅጠሉ አልተረሳም። ይህች ልጅ በዓመቱ መጀመሪያ ሰው ስትሥል ክብና መስመር ብቻ ነበር የምታሰፍረው። እንዲህ ማየት የጀመረችን ልጅ “ዓይንሽን መልሺ” ለማለት እኔ አቅሙ የለኝም፤ እናንተም ሥዕሏን ብታዩ የምትሉ አይመስለኝም።

ስለዚህ የቤት ሥራው እስከ አርብ ድረስ ይሰበሰባል፤ ያላስረከበ ተማሪ የተመደበለትን ነጥብ አያገኝም። ቅሬታ ያላችሁ ወላጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቢሮዬ ልታነጋግሩኝ ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ግን በኮሪደሩ በኩል አልፋችሁ ሥዕሉንም፣ ከሥሩ የተለጠፉትን የልጆቻችሁን ሥራዎችም እንድታዩ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ርእሰ መምህሩ