ከአዳራሹ ይልቅ ሐይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ እንግሊዝ ጥንታዊ የገጠር መኖሪያ ቤቶች በሚጻፉ ጽሑፎች ዘወትር የሚጎላው የአዳራሹ ጌጥ በመሆኑ፣ በዊልትሻየር ስለሚገኘው ስቱርሄድ ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ። ኮለን ካምቤል የነደፈው ይህ ቤት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ ሆር ለተባሉ የለንደን የባንክ ባለቤቶች ነው። ክፍሎቹ በእርግጥ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን በእኔ አስተያየት ጎብኚ ሰዓቱን ሁሉ በዚያ መጨረስ የለበትም።

ሄንሪ ሆር ከ1740ዎቹ ጀምሮ በሸለቆው የሚወርደውን ውሃ አስገድቦ ሐይቅ ፈጠረ፤ በዳርቻውም በጥንቷ ሮም አምሳል ቤተ መቅደሶችን፣ ድልድይና ዋሻ አሠራ። መንገዱ ሐይቁን ሲዞር፣ ከማዶ ቅርብ መስሎ የሚታየው ፓንተዮን የተባለው ቤተ መቅደስ ጥቂት እንደተራመዱ በዛፎች ይጋረዳል፤ ዋሻውን አልፈው ሲወጡ ደግሞ ሳይታሰብ ፊት ለፊት ይገኛል። እኔም ቸኩዬ በአቋራጭ ለመመለስ አስቤ የነበረ ቢሆንም፣ እግሬ ዙሪያውን ሳይጨርስ እሺ አላለኝም። ተፈጥሮ ብቻ ያበጀው የሚመስለው ይህ ሁሉ በሰው እጅ የታቀደ መሆኑን ማመን ያዳግታል።

የመጨረሻዎቹ ባለቤቶች አንድ ልጃቸውን በአንደኛው የዓለም ጦርነት አጥተው ነበርና፣ ቤቱንና የአትክልት ስፍራውን በ1946 ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ሰጡ። ባልና ሚስቱ በቀጣዩ ዓመት በአንድ ቀን አረፉ። ስለዚህ ጉዳይ ጋዜጣችሁ ወደፊት ሰፋ አድርጎ ቢጽፍ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ