የሰኞ ሌሊቱ ጨለማ የእናንተ ነው

ቀን፦ ሚያዝያ 30 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለ፦ ዲሽና ሪሲቨር ለሸጠልኝ፣ በየወሩም ለሚያስከፍለኝ ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስላልመጣው ቴክኒሻን እና ስላመለጠኝ የፊልም ክፍል «ክፍሉ ራሱ ጨለማ ነው» ስለመባሌ

እንኳን አደረሳችሁ። በዓለ ሃምሳ ገና ስላላለቀ አልዘገየሁም። በመዘግየትማ ከእናንተ ጋር አልወዳደርም።

ሲግናሌ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆራረጥ እዚህ አልተርክም። ፋይሌ እናንተ ጋ ነው። 4 ጊዜ ደውያለሁ፣ 2 ጊዜ በእግሬ መጥቻለሁ፤ በእያንዳንዱም የቅሬታ ቁጥር ተሰጥቶኛል። ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ጽፌአቸዋለሁ። ሎተሪ ቢሆኑ እስካሁን አንዱ ይወጣልኝ ነበር።

የምጽፈው በጸሎተ ሐሙስ ስለተገባልኝ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ስለሰማሁት መልስም ጭምር።

ሐሙስ ዕለት ለምን እንደቸኮልኩ ለባልደረባችሁ አስረዳሁት። ሰኞ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሬዲዮ ላይ 10 ደቂቃ አለችኝ። ሌሊቱን ስለወጣው ጌም ኦፍ ስሮንስ የተባለ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ክፍል ነው የማወራባት። አሜሪካ እሁድ ማታ ሲታይ እኛ ጋ ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። እናንተም ፓኬጁን «ከአሜሪካ እኩል» ብላችሁ ነው የሸጣችሁልኝ። የመጨረሻው ሲዝን 6 ክፍል ብቻ ነው። 3ኛው ደግሞ ተመልካቹ 8 ዓመት ሙሉ የጠበቀው ጦርነት ነው። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ባልደረባችሁ ደረቱን መታ መታ አድርጎ «ቅዳሜ ከ6 ሰዓት በፊት ሰው ይመጣል፣ እኔ ራሴ እከታተለዋለሁ» አለኝ። አመንኩት። ደረቱን የመታ ሰው አይዋሽም ብዬ።

ቅዳሜ ሹር 5 ሰዓት ከ40 ላይ የዶሮውን ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኬ ጮኸ። «ጀሞ 1 ነው 2?» 1 ነው አልኩ፣ ብሎኩን ነገርኩት። «እሺ፣ ደርሻለሁ።» በሽንኩርት እጄ መስኮት ጋ ሄድኩ። አንዲት ነጭ ፒካፕ በሩ ላይ ቆመች። ላይዋ ላይ መሰላል ታስሯል። ከመሰላሉ ሥር ደግሞ በግ ቆሟል። ሹፌሩ ከጥበቃው ጋር ትንሽ አወራ፣ ሰዓቱን አየ፣ በጉን አየ፣ ዞሮ ሄደ። ስደውልለት አያነሳም። 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ከእናንተ መልእክት ገባልኝ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ያቀረቡት ችግር ተፈትቷል። ስለመረጡን እናመሰግናለን።»

ኋላ ላይ ፋይሉ ላይ ምን እንደተጻፈ አነበባችሁልኝ፦ «ደንበኛዋ ቤት አልነበረችም።» እሺ ይሁን። ቤት በሌለች ሴት ቤት ውስጥ ችግሩ እንዴት እንደተፈታ ግን የሚያስረዳኝ እስካሁን አላገኘሁም።

እሁድ ፋሲካ ነበር። 55 ቀን ጾሜ ፈታሁ። የዚህን ክፍል ጦርነትም ሰሜን አየርላንድ ውስጥ 55 ሌሊት ነው የቀረጹት ተብሎ ስላነበብኩ ቁጥሩ ገጥሞ አሳቀኝ። ቤተሰቡ በልቶ ሲተኛ እኔ ቡናዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። 10 ሰዓት ሲሆን ምስሉ መጣ። ጥርት ብሎ! ቴክኒሻኑን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ዊንተርፌል በሚባለው ግንብ ፊት ለፊት የሕያዋኑ ሠራዊት የሙታኑን ሠራዊት ሊገጥም ተሰልፏል። ከፊቱ ያለው ጨለማ ብቻ ነው። ቀይዋ ሴት ሜሊሳንድሬ በፈረስ ትመጣለች፣ ትጸልያለች፣ የፈረሰኞቹ የዶትራኪዎቹ ጎራዴ ሁሉ ባንዴ በእሳት ይያያዛል። ፈረሰኛው እየጮኸ ወደ ጨለማው ይጋልባል። ከሩቅ ነው የምናየው። ያ ሁሉ እሳት ይሄዳል፣ ይሄዳል። ከዚያ መጥፋት ይጀምራል። እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት። ጩኸቱም አብሮ ይሞታል። የመጨረሻዋ ነበልባል ድርግም አለች።

ከዚያ ምንም።

«ወይ ጉድ» አልኩ። ዳይሬክተሩ ሚጌል ሳፖችኒክ ጥቁር ስክሪን ላይ ያለ ድምፅ ሊያፋጥጠኝ ቆረጠ ብዬ ብዕሬን አነሳሁና «ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» ብዬ ጻፍኩ። ማስታወሻው አሁንም አለ። 1 ደቂቃ አለፈ። 2 ደቂቃ። በ3ኛው ላይ ከጥቁሩ መሐል ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፦ ሲግናል የለም።

ድፍረቱ የእናንተ ነበር።

24 ሰዓት ይሠራል ወዳላችሁት ስልክ ደወልኩ። 19 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። ከዚያ እንቅልፍ ያልለቀቀው ድምፅ «መብራት ሄዶ ይሆናል» አለኝ። መብራት የሄደበት ቴሌቪዥን ሲግናል የለም ብሎ አይጽፍም አልኩት። «ሪሲቨሩን ነቅለሽ ሰኪው።» ነቀልኩ፣ ሰካሁ። «5 ደቂቃ ጠብቂ።» ስጠብቅ ስልኩ ተዘጋ። ክፍሉ 82 ደቂቃ ነው። እኔ ያየሁት ሩብ ሰዓት አይሞላም።

በዚህ ሩብ ሰዓት ነው እንግዲህ 10 ደቂቃ ያወራሁት። ስለ እሳቱ ብቻ። መጨረሻ ላይ አንድ ባለታክሲ ደወለና «እህታችን፣ ስለ አርያ ምነው ዝም አልሽ? የሌሊቱን ንጉሥ የገደለችው እኮ እሷ ናት» አለኝ። በቀጥታ ስርጭት። የሙታኑን ሠራዊት መሪ ማን ይገድለዋል የሚለውን የ8 ዓመት ምሥጢር ተከታታዩ ለእኔ የፈታልኝ በአድማጭ ስልክ ነው። «አዎ፣ ልደርስበት ነበር» ብዬ ዋሸሁ።

አሁን ወደ ማክሰኞው ልምጣ። በትዕግሥት እንድታነቡት እለምናለሁ።

ቢሯችሁ ስደርስ 3ኛው መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ጉዳዬን ግማሹን ሰምታ ስልኳን አወጣች። በአውራ ጣቷ ወደ ታች እየገፋች አንድ ነገር ፈለገች። ከዚያ ስልኩን በመስታወቱ ቀዳዳ በኩል ወደ እኔ አዞረችው። «እዪ፣ አሜሪካም ጨለማ ነው እያሉ ነው። እንግሊዝም። የእኛ ችግር አይደለም እህቴ፣ ክፍሉ ራሱ ጨለማ ነው።»

የእኔ ድምፅም አልነበረውም አልኳት።

«እዚያ ላይ እኮ ፀጥታ ነው ይላሉ።»

አይተሽዋል? ስላት፣ «እኔ ቃና ነው የማየው» አለችኝና «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች። ከኋላዬ የነበሩት ሰውዬ ሪሲቨራቸውን በፌስታል ይዘው በትከሻዬ አልፈው ገቡ። አልፈርድባቸውም፣ እሳቸውም ቀናቸውን ነው የጠበቁት።

ልጅቷ የተናገረችው ውሸት አይደለም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። ክፍሉ ጨለማ ነው ተብሎ በዓለም ዙሪያ ተጮኋል። የቀረጸው ባለሙያ ፋቢያን ዋግነር ሳይቀር ወጥቶ ተከራክሯል። ጨለማው ታስቦበት ነው፣ ጉድለቱ ምስሉ ለስርጭት ሲታመቅና ተመልካቹ ቴሌቪዥኑን በደንብ ሳያስተካክል ሲቀር የመጣ ነው ባይ ነው። እናንተ ደግሞ ከዚህ ክርክር ሥር ገብታችሁ ተደበቃችሁ። የሰው ጨለማ ተውሳችሁ የራሳችሁን ሸፈናችሁበት።

ልዩነቱን የማውቀው ክፍሉን ስላየሁት ነው። ሰኞ ማታ 5 ሰዓት ሲደገም መካኒሳ እህቴ ቤት ሄጄ አየሁት። አዎ፣ ጨለማ ነው። በዶትራኪዎቹ ግልቢያ ላይ ጨለማው ልክ ነው፤ ጠላቱ ራሱ ጨለማው ነውና። ድራጎኖቹ በረዶው አውሎ ነፋስ ውስጥ ሲገቡ ግን የጆን የትኛው፣ የንግሥቲቱ የዴነሪስ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። እህቴን ብጠይቃት «ሁለት ናቸው እንዴ?» አለችኝ። እዚያ ላይ አቶ ዋግነር ቢከራከሩም አልሰማቸውም። የጦር ዕቅዱማ ጭራሽ አይነሳ። ፈረሰኛ ወደማያየው ጠላት አስቀድሞ ይላካል? ግንብ ያለው ሰው የድንጋይ ወንጫፊውን ከግንቡ ውጭ ያቆማል?

ያም ሆኖ ዓይን የሚያስነቅል አይደለም። ልያና ሞርሞንት፣ ያቺ ፍሬ የምታህል ልጅ፣ ግዙፉ በእጁ ጨምድዶ አጥንቷን እየሰበራት ዓይኑን ትወጋዋለች። ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። መጨረሻው ላይ ደግሞ የጎራዴው፣ የጩኸቱ፣ የእሳቱ ድምፅ ሁሉ ይጠፋና የሙዚቃ ደራሲው የራሚን ጃዋዲ ፒያኖ ብቻውን ይቀራል። ሰው ያልቃል፣ ፒያኖው አይቸኩልም። ከዚያ አርያ ከኋላ ትዘላለች። የሌሊቱ ንጉሥ አንገቷንና ጩቤ የያዘ እጇን ይይዛል። ጩቤውን ትለቀዋለች። በሌላኛው እጇ ትቀልበዋለች።

እህቴ ከሶፋው ተነስታ ጮኸች። ልጇ ከእንቅልፉ ነቃ። እኔ ሳህን እያነሳሁ ነበር። ከባለታክሲው ሰምቼዋለሁ፣ ምን ብዬ ልጩህ? ያንን ጩኸት ነው የወሰዳችሁብኝ። በየትኛው ደረሰኝ እንደሚመለስ አላውቅም።

በዚህ ቢያበቃ ደብዳቤውን አልጽፍም ነበር። ባለፈው ሰኞ ሌሊት 4ኛው ክፍል ላይ ግብዣው መሐል ምስሉ ካሬ ካሬ ሆኖ ደረቀ። ተመልሶ ሲመጣ ግብዣው አልቋል። ጠዋት ስነሳ ዓለም ሁሉ የሚያወራው ግብዣው ላይ ስለተረሳች አንዲት የወረቀት የቡና ስኒ ነው። ንግሥቲቱ ፊት ተቀምጣለች። ከቡና አገር ሆኜ ያቺን ስኒ ያላየሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የተከታታዩ ባለቤት ኤች ቢ ኦ ግን ስህተት ነው ብሎ በዚያው ቀን አመነ፤ ንግሥቲቱ ያዘዘችው የዕፅ ሻይ ነበር ብሎ ቀለደ፣ ከ2 ቀን በማይበልጥ ጊዜም ስኒዋን ከምስሉ አጠፋት። ለአንዲት ስኒ! እኔ ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ የአንድ ኬብል ጫፍ የሚያይልኝ አጥቻለሁ።

ካነሳሁት አይቀር፣ የተቀዳው ድምፃችሁ አማርኛ እስኪናገር ድረስ ለምን ደቂቃ ሙሉ እንግሊዝኛ እሰማለሁ? የደወልኩት እዚሁ ነው። ሪሞቱ ሲሸጥልኝ ባትሪ አልነበረውም። ባለፈው ወር ጥበቃችሁ «ማዘር፣ ወረፋ ያዢ» ብሎኛል፤ 34 ዓመቴ ነው። ክፍያ አንድ ቀን ሲያልፍብኝ ግን መስመሩን ለመዝጋት ቴክኒሻንም መሰላልም አያስፈልጋችሁም። በጉም መንገድ ላይ አያስቸግርም።

ስለዚህ በአክብሮት እጠይቃለሁ። 5ኛው ክፍል ግንቦት 5 ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ቴክኒሻን ይምጣ። ዲሹን፣ ዲሹ ላይ ሲግናል የሚቀበለውን ኤል ኤን ቢና ኬብሉን አይቶ፣ የሠራውን እኔ ፊት ይጻፍና እኔ ልፈርምበት። «ደንበኛዋ ቤት አልነበረችም» የሚለው ከፋይሌ ይሰረዝ። ቤት ነበርኩ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ። የሚያዝያ ክፍያዬ ይመለስልኝ ልል ነበር፤ ስጽፍ ሳስበው የመጋቢትም ይመለስልኝ። በጽሑፍ ይቅርታም እፈልጋለሁ፣ በአማርኛ። «ለተፈጠረው መጉላላት» የምትለዋን የተለመደች ዓረፍተ ነገር አልቀበልም። ምን እንደተፈጠረ ይጻፍ። ሐሙስ ደረቱን የመታው ባልደረባችሁም ያን ሌሊት ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ስልኩን ክፍት አድርጎ ያሳድር። እኔ ራሴ እከታተለዋለሁ ብሏልና ይከታተለው።

እስከ ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቀርባለሁ። የቅሬታ ቁጥሮቹን፣ የደረሰኞቹን ኮፒና «ችግርዎ ተፈትቷል» የሚለውን መልእክት አባሪ አድርጌአለሁ።

የምትልኩት ሰው ብሎኩን ፋይሉ ላይ ያገኘዋል። 4ኛ ፎቅ ነኝ፣ ሊፍት የለም። ጥበቃው ያስገባዋል፤ ነግሬዋለሁ።

ከሠላምታ ጋር
የጀሞ 1 ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦
ለንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን
ለእህቴ፣ መካኒሳ