አባዬ፣ ስኳርህ ዛሬ ስንት ነው?

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ? ሚጣስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ አትቀየመኝ። የምነግርህ ነገር አለ። ሰላምታ ካበዛሁ መልሼ እንዳልውጠው ፈራሁ።

አሥር ሳምንት ሙሉ ጠፋሁ። ደወልክ፣ አላነሳሁም። ለሚጣ ሠርግ እልካለሁ ያልኩትንም ብር አልላክሁም። "አገሩን ሲለምድ ረሳን" ማለትህን ሰምቻለሁ። አልረሳኋችሁም። ትናንት ማታ ሚጣ ደውላ አንድ ነገር ባትነግረኝ ኖሮ ግን ዛሬም አልጽፍልህም ነበር። እሷን አትቆጣት፤ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ክኒኑ አልበቃ ብሎህ ኢንሱሊን ጀምረሃል። ጓዳ ገብተህ በር ዘግተህ ነው የምትወጋው። መንጃ ፈቃድህ የሚታደስበት ጊዜ ስለደረሰም፣ ምርመራው ላይ "ስኳር የለብኝም" ልትል አስበሃል።

አባዬ፣ እኔም ኢንሱሊን ነው የምወጋው። 3 ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ።

ይኸው ተናገርኩት። በቪዲዮ ስንገናኝ ሁልጊዜ እጅጌው ረጅም ሹራብ የምለብሰው ብርድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ክንዴ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች መለኪያ ተለጥፋለች። እማዬ እንዳታያት ብዬ ነው። ሐኪሙ የነገረኝ የመኖሪያ ወረቀቴን ባገኘሁ በሳምንቱ ነበር። እናንተ ደስ ብሏችሁ ጎረቤት ጠርታችሁ ቡና አፍልታችኋል። በዚያ ደስታ ላይ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራቸዋለሁ ስል ዓመቱ ሄደ።

የጠፋሁበትም ምክንያት ይኸው ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መኪና እንዳይነዳ አይከለከልም። ግን መንጃ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ዲቪኤልኤ ይሉታል፣ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ፈቃዱንም ለ1፣ ለ2፣ ቢበዛ ለ3 ዓመት ነው የሚሰጡት። ሲያልቅ ፎርም ሞልቶ ማሳደስ ነው፤ ክፍያ የለውም። ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው የማሳደሻውን ደብዳቤ በፖስታ ይልካሉ። እኔ ቤት ስቀይር አድራሻዬን አላስቀየርኩም ነበር። ደብዳቤው አሮጌው ቤት ሄዶ ቀረ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ፈቃዴ ማለፉን ያየው አለቃዬ ነው።

ሥራዬን ታውቃለህ። አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒታቸውን መስጠት ነው። ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ የምሄደው በመኪና ነው። ያለ መኪና በቀን ሁለት ቤት ብቻ ሰጡኝ፣ በእግር የሚደረስ። ማመልከቻው እስኪታይ ድረስ፣ ሐኪም አትንዳ ካላለ፣ ሕጉ መንዳት ይፈቅዳል። ወረቀቱን አውጥቼ ለአለቆቼ አሳየኋቸው። "አዲሱን ካርድ ካላየን አይሆንም" አሉኝ። አናደደኝ፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ደሞዜ ከግማሽ በታች ወረደ። ኪራይ ብቻ ከፍዬ ምግብ… አይ፣ ምግብ በልቻለሁ፣ ስለ ምግብ አታስቡ። ብር ሳልልክ ስልክ ማንሳት አፈርኩ እንጂ ሌላ አይደለም።

ፈቃዱ ይህን ያህል የዘገየው ደግሞ ፎርሙ ላይ ባለ አንድ ጥያቄ ነው። ባለፉት 12 ወራት ነቅተህ ሳለህ ስኳርህ ወርዶ የሌላ ሰው እርዳታ አስፈልጎህ ያውቃል ወይ ይላል። አስፈልጎኝ ያውቃል። መስከረም ላይ ነው። ምሳዬን ሳልበላ አንዲት የ88 ዓመት እናት ቤት ገብቼ ሾርባቸውን ሳሞቅ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው እሳቸው ሲነግሩኝ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ በአማርኛ አወራቸው ነበር አሉ። እኚያ ያለ ምርኩዝ የማይቆሙ ሴት ከፍሪጅ የብርቱካን ጭማቂ አውጥተው፣ አገጬን ይዘው አጠጡኝ። ስነቃ መጀመሪያ ያወቅሁት የጣታቸውን ቅዝቃዜ ነው። እማዬ መሰለችኝ።

ስለዚህ መልሱ "አዎ፣ 1 ጊዜ" ነው። ግን እስክሪብቶውን ይዤ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። "የለም" ብል ቶሎ ያልቅልኛል፣ የሠርጉም ብር ይደርሳል፣ ማን ያውቃል? ከ1 ጊዜ በላይ ሲሆን ነው መንዳት አቁም የሚሉት፤ ቢሆንም ፈራሁ። በመጨረሻ እውነቱን ጻፍኩ። እነሱም ለሐኪሜ ጻፉ፣ የሐኪሜ መልስ ዘገየ፣ ሳምንት በሳምንት ላይ ተደረበ። ያን ሁሉ ቀን ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አንድ ነገር አንገበገበኝ። ለማላውቀው ሰው እውነቱን በፎርም ጽፌ ልኬያለሁ። አንተን ግን 3 ዓመት ከመንፈቅ ዋሸሁህ።

ያለፈው ማክሰኞ ካርዱ መጣ። ለ1 ዓመት ነው የሰጡኝ። ወደ ሙሉ ሥራዬ ተመልሻለሁ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ቤቱ የሚተዳደረው በአይሱዙው እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ በደንብ ብልክ ኖሮ ይህን ያህል አትጨነቅም ነበር፤ እሱንም አውቃለሁ። ግን የምትነዳው ሌሊት ነው። ሽንኩርት ጭነህ በአዳማው ፈጣን መንገድ ወደ አዲስ አበባ ስትወጣ፣ አጠገብህ ያለው ረዳት ገና ልጅ ነው። ስኳር ሲወርድ ሰውዬው ላይታወቀው ይችላል። እኔም ያን ቀን "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ስል ነበር፣ እኚያ እናት ቃሉን አጥንተው ነው የነገሩኝ።

ሁለተኛ ክፍል ሆኜ በፊያቷ እስከ አዋሽ የወሰድከኝ ትዝ ይልሃል? ገና ጎህ ሳይቀድ መዶሻህን ይዘህ ጎማውን አንድ በአንድ ትመታ ነበር፣ የተሳቢውንም ጭምር። ጆሮህን ዘንበል አድርገህ። "ይሄኛው ድምፁ ሞቷል" ብለህ አንዱን አስወጣህ፤ እኔ ከሌላው ልለየው አልቻልኩም። መተሐራ ላይ የባሰቃ ሐይቅ ውኃ ወደ መንገዱ ተጠግቶ ሳየው ፈርቼ ሸሚዝህን ያዝኩ። አልፈነው ስንቆም መዶሻውን አውጥተህ እንደገና ዞርክ። ጎማ ሳትመታ ተነስተህ አታውቅም፣ ጭነቱ ምንም ያህል ቢቸኩል።

እኔ የማደርገው ይህንኑ ነው አባዬ። ከመነሳቴ በፊት ባለው 2 ሰዓት ውስጥ እለካለሁ። ረጅም መንገድ ከሆነ በየ2 ሰዓቱ እደግማለሁ። እዚህ አገር 5 ካልሞላ ሳይበሉ አይነዱም፤ ከ4 በታች ከሆነ ጭራሽ አይነዳም። ያንተ መለኪያ ቁጥሩ ሌላ ነው፣ በ18 አባዛው። 5 ማለት 90፣ 4 ማለት 72 ነው። እየነዳህ ከወረደብህ ዳር ይዘህ ቁም፣ ሞተር አጥፋ፣ ቁልፉን ንቀል፣ ከሹፌር ወንበር ውረድ። ከረሜላ ወይም ስኳር ያለው ለስላሳ ውሰድ። ከ90 በላይ ከተመለሰ በኋላም 45 ደቂቃ ጠብቅ፣ ቁጥሩ ቢመለስም ጭንቅላት ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። ሽንኩርቱ ገበያ ያመልጠዋል ትለኛለህ። ያምልጠው።

ሁዳዴውን ደግሞ እየጾምክ ነው አሉ። ጠዋት ተወግተህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ መዋል፣ በዚያ ላይ መንዳት… ይህን ስሰማ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። እባክህ የንስሐ አባትህን አነጋግር። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚላላ ለአያቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ፣ እምቢ ስትልህ እንዴት እንደተቆጣሃትም አስታውሳለሁ። መድኃኒቱንም መኪናው ውስጥ እንዳትተወው፣ የአዳማ ፀሐይ ያበላሸዋል። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ እማዬ ትንሹን ማሰሮ በትልቁ ማሰሮ ውስጥ አድርጋ፣ በመሃሉ አሸዋ ሞልታ ውኃ ታርከፍክፍበት። መድኃኒቱ ውስጠኛው ውስጥ ይቀመጥ፣ ይበርዳል።

ምርመራው ላይ እንዳትዋሽ። ኢንሱሊን ጀምሬያለሁ በላቸው። በዚህ ምክንያት ሌሊት እንዳትነዳ ቢሉህ ወይም ለጊዜው ቢያስቆሙህ፣ አይሱዙውን ለሹፌር ስጥ፣ የሚጎድለውን እኔ እሞላለሁ። ይህን የምልህ ለአፌ አይደለም። ከዚህ ወር ጀምሮ ነው።

የሚጣ ሠርግ ለዳግማይ ትንሣኤ መሆኑን ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሳልኖር፣ ድንኳኑ ሲተከል ሳልኖር… ተወው። ግማሹን ብር ዛሬ ልኬያለሁ፣ ቀሪው ከሠርጉ በፊት ይደርሳል። እንዳትበደሩ። ትንሿ ልጅ፣ እኔ ቦርሳዋን ተሸክሜ ፖስታ ቤት አካባቢ በጋሪ ትምህርት ቤት የማደርሳት ሚጣ፣ ሙሽራ ልትሆን ነው። ነጭ ለብሳ ስትወጣ ቪዲዮ ክፈቱልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን እነቃለሁ። ወደ ሶደሬ ለፎቶ ስትሄዱ ሙሽሮቹን እኔ ነኝ የምነዳቸው ብለሃል አሉ። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ፈራሁ። ከቤት ሳትወጣ ተለካ። ኪስህ ከረሜላ ይኑር፣ ሱፉንም ብትለብስ።

ለፋሲካ ወደ አገር ቤት የሚገባ ልጅ አለ፣ 4 ፓኮ ስትሪፕ፣ ደም የሚነካበት የስኳር መለኪያ ወረቀት፣ እና አንድ መለኪያ አስይዤዋለሁ። ለእማዬ የእኔን ነገር አንተው ንገራት፣ ቀስ አድርገህ። ካለቀሰች ደውልልኝ፣ አሁን አነሳለሁ።

የእኔ አሁን 7.2 ነው። በእናንተ 130 ማለት ነው። ያንተስ ስንት ሆነ? ዛሬ ማታ ለክተህ ላክልኝ።