ጣሪያውን ጠይቂልኝ

የኔ ልጅ እንዴት ነሽ፣ እኛ ደህና ነን፣ አራት ኪሎም ያው እንደምታውቂው ነው፣ አንዱ ሲፈርስ አንዱ ሲሰራ አቧራውን እየቃምን አለን። እሁድ ደህና ዋይ እንኳን ሳልልሽ ስልኩን ስለዘጋሁት ይቅርታ፣ ተናድጄ ነበር ግን ባንቺ አይደለም። መስሪያ ቤትሽ ስለ ደግነት ሰርቶት የላክሽልኝን የማስታወቂያ ቪዲዮ ሶስቴ አየሁት። ቆንጆ ነው፣ ልጁ ለሽማግሌው ጃንጥላውን ሲሰጣቸው እናትሽማ አለቀሰች። ሼር አድርግልኝ ብለሽኝ አላደረኩም፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ ብዬ ነው።

አምና ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ድርጅት፣ ስሙን ተይው፣ ሰፈራችን መጥቶ ነበር፣ አንቺ ለስራ ክፍለ ሀገር ነበርሽ። ቲሸርት የለበሱ ልጆች፣ ይሄን የሚያክል ባነር፣ ስፒከር፣ ድሮን ሳይቀር። ለታች ቤቷ እማማ አምስት ሊትር ዘይት ሰጧቸው። ፎቶ አንሺው ፀሐይዋ አልተመቸችውም መሰለኝ ዘይቱን ተቀብሎ እንደገና አሰጣቸው፣ ከዛ ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ በሶስተኛው "እናቴ ትንሽ ፈገግ ይበሉ" ሲላቸው ወደኔ ዞር ብለው "ይሄ ዘይት ስንት ጊዜ ነው የሚሰጠኝ?" አሉኝ። ከዛ አንዱ ልጅ ጣሪያቸውን በሜትር ለካና ስልኩ ላይ ፃፈ፣ በሁለት ሳምንት ቆርቆሮ ይዘን እንመጣለን አለ፣ ቪዲዮው ላይም ተናግሮታል። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። ሁለቴ ደወልኩ፣ መጀመሪያ ሌላ ዲፓርትመንት ነው አሉኝ፣ ቀጥሎ ካምፔይኑ ተዘግቷል።

የኛን እድር ማንም "ደግነት" ብሎ ፖስት አድርጎት አያውቅም። ግን ሰው ሞቶ ድንኳኑ ሳይተከል ቢያድር ዳኛው ፊት ቆሜ መልስ የምሰጠው እኔ ፀሐፊው ነኝ፣ ቀብር የቀረ ስንት እንደሚቀጣ ተፅፏል፣ መዝገቡን የፈለገ አባል ገልጦ ያያል። የናንተን መዝገብ ማን ነው የሚገልጠው?

ሁሉም ውሸት ነው እያልኩሽ አይደለም፣ እድሜዬን ሙሉ ሒሳብ የሰራሁ ሰው ነኝ። በፈረንጆቹ 1983 የክፍያ ካርድ ድርጅቱ አሜሪካን ኤክስፕረስ ደንበኛ ካርዱን በተጠቀመ ቁጥር 1 ሳንቲም ኒውዮርክ ላለው የነፃነት ሐውልት እድሳት እሰጣለሁ አለ፣ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሰበሰበ፣ ሐውልቱም ታደሰ። የካርዱ አጠቃቀም በ28 በመቶ ጨመረለት ይባላል፣ ይጨምርለት፣ እኔ ሰው አተረፈ ብዬ አልከፋም፣ ቃሉ የሚቆጠር ነበር ተቆጠረ። ሲጋራ አምራቹ ፊሊፕ ሞሪስ ደግሞ በፈረንጆቹ 1999 ለበጎ አድራጎት 75 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ፣ መስጠቱን ሰው እንዲያውቅለት ለማስታወቂያ 100 ሚሊዮን አወጣ። ይሄን ሳነብ ያ ድሮን ነው ትዝ ያለኝ፣ የሱ ኪራይ ብቻ ስንት ቆርቆሮ ይገዛ ነበር!

አሁን "ከያንዳንዱ ጠርሙስ 1 ብር ለአረጋውያን" ልትሉ ነው አልሽኝ። እሺ፣ ጣሪያው ስንት ነው? ብዙ ጊዜ ከታች በትንሽ ፊደል "እስከዚህ ብር ድረስ" የምትል ነገር አትጠፋም፣ እሷ ከሞላች በኋላ የሚገዛው ሰው የረዳ እየመሰለው ለድርጅቱ ነው የሚከፍለው። ብሩ ለማን እንደሚገባ ስሙ ይፃፍ፣ መቼ እንደሚገባ ቀኑ ይፃፍ፣ ደረሰኙንም የሰጠው ሳይሆን የተቀበለው ያውጣው። አለቃሽ ፊሊንጉን ያበላሽብናል ሊል ይችላል፣ ይበል፣ አንቺ ግን በቃል ሳይሆን በኢሜይል ጠይቂው።

ያ ባነር አሁን የእማማ ጣሪያ ላይ ነው። ጥለውት ሲሄዱ አጥፈን አስቀምጠነው ነበር፣ ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲብስ እኔና የጎረቤት ልጅ ወጥተን አለበስነውና ድንጋይ ጫንበት፣ አልጋቸው ላይ የሚንጠባጠበውን ይዞላቸዋል። ከጎን ካለው ፎቅ ሲታይ "ፈገግታ" የምትለዋ ፅሁፍ አሁንም ትነበባለች። እሁድ ነይና አሳይሻለሁ።

አባትሽ