ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚመጡልህ ልጆች

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ኢንተርኔቱም መንገዱም ተቋርጦ ስለከረመ ወሬያችን ሳይደርስህ ቆየ፤ አንተም ዝም አልህ። እናትህ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ ምን አለህ?» ይሉኛል። ሰሞኑን እህትህ ደብረ ማርቆስ መጥታ ነበር፤ ውዝዋዜውን እርግፍ አድርጎ ተወ አለችኝ። ምክንያቱንም ነገረችኝ፦ ባለሙያ የለም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት የሐበሻ ልጆች ጀማሪዎች ናቸው፣ አንዱ ሲመጣ አንዱ ይቀራል፣ በዚህ ሁኔታ ቡድን አይቆምም።

አንተዬ፣ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ስለዚህ እንዳንተው አገሩን ጥሎ ስለወጣ አንድ ሰው ልጽፍልህ ተነሣሁ። ጆርጅ ባላንሺን ይባላል፤ የውዝዋዜ ፈጣሪና አስተማሪ ነበር። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልንገርህ።

በ1904 ሩሲያ ውስጥ ሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ፤ አባቱ ጆርጂያዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። በ9 ዓመቱ ባሌ የሚባለው የፈረንጆቹ የመድረክ ውዝዋዜ ወደሚሰጥበት ትምህርት ቤት ገባ፤ የሩሲያ አብዮት ሲመጣ ረሃቡንም ብርዱንም ቀመሰው። በ1924 ከጥቂት ተወዛዋዦች ጋር ትርዒት ለማሳየት ጀርመን ሄደና በዚያው ቀረ። ዲያጊሌቭ የተባሉት ዝነኛ የባሌ ቡድን መሪ ቀጠሩት፤ ረጅሙን የጆርጂያ ስሙን ያሳጠሩትም እሳቸው ናቸው። ጉልበቱ ሲጎዳ ለሌሎች መፍጠሩ ላይ በረታ። በ1929 ዲያጊሌቭ ሲሞቱ ቡድኑ ተበተነ፣ እሱም ሳንባውን ታመመ። በ1933 ሊንከን ከርስቲን የሚባል ወጣት አሜሪካዊ መጥቶ፣ አሜሪካ ላይ የባሌ ቡድን እናቋቁም አለው።

ልቤን የያዘው የሰጠው መልስ ነው። መጀመሪያ ትምህርት ቤት ይኑር አለ። በጥር 1934 ኒው ዮርክ ላይ ማስተማር ተጀመረ። ዛሬ ኒው ዮርክ ሲቲ ባሌ የሚባለው ቡድን በዚህ ስሙ የቆመው ግን በ1948 ነው። በመሃል ቡድን እያቋቋመ ፈርሶበታል፤ ለብሮድዌይ ቲያትርም ለሆሊውድ ፊልምም ሠርቷል፤ በ1942 ለሰርከስ ዝሆኖች ሳይቀር ውዝዋዜ አዘጋጅቷል፣ ለ50 ዝሆን! ትምህርት ቤቱ ግን አልተዘጋም። ለእኛ ለጎጃሞች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሸራ የቅኔ አገር የሆነችው ሕንፃ ስለተሠራባት አይደለም፤ መምህር ተቀመጠ፣ ተማሪ ተከተለው፣ ጎጆውንም ተማሪው ራሱ ቀለሰ።

አሁን ወዳንተ ጉዳይ ልምጣ። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የፈጠረው ሥራ «ሴሬናድ» ይባላል፤ ሙዚቃው የቻይኮቭስኪ ነው፣ የሠራውም ለጀማሪ ተማሪዎቹ ነው። በመጀመሪያው ምሽት 17 ልጃገረዶች መጡ፤ ለ17 ሠራ። በሚቀጥለው 9 መጡ፤ ለ9 ሠራ። ከዚያ 6 ብቻ መጡ፤ ለ6 ሠራ። አንዷ ስትሮጥ ወድቃ አለቀሰች፤ መውደቋን ውዝዋዜው ውስጥ አስገባው። አንዷ አርፍዳ መጣች፤ ማርፈዷንም አስገባው። ያ ሥራ ዛሬም በየአገሩ መድረክ ላይ ይታያል፤ የወደቀችዋም፣ ያረፈደችዋም አሉበት።

መጀመሪያውን ፈልገህ እየው። መጋረጃው ሲከፈት 17ቱም ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቆመዋል፤ ከዓይናቸው ብርሃን የሚከልሉ ነው የሚመስሉት። እግራቸው እንደማንም ሰው እግር ጎን ለጎን ነው። እጁ ከአንጓው ይታጠፍና ወደ ጆሮ ግንድ ይመጣል፣ ከዚያ ወደ ደረት ይወርዳል። ቀጥሎ የሁሉም እግር ጣቶች በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። የባሌ ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚማረው አቋቋም ያ ነው። ተራ ሰው የነበሩት ዓይንህ እያየ ተወዛዋዥ ይሆናሉ። እኛስ ብንሆን እጅ ወገብ ላይ ካረፈ በኋላ፣ ትከሻ ከመነሣቱ በፊት የምንቆማት ቁም አለች አይደል? እሷን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። ለመማር ደግሞ ባለሙያ መሆን አያስፈልጋትም፤ የቅዳሜ ልጆችህ በአንድ ቀን ይይዟታል።

እኔም እዚህ ሞክሬዋለሁ። ከልጆቻችን አንዷ ልምምዱ ከተጋመሰ በኋላ ከወፍጮ ቤት በቀጥታ መጣች፣ ዱቄቱ ከሹሩባዋ ላይ ሳይራገፍ። ከበሮው ሳይቆም «ግቢ!» አልኋት። ሌሎቹ መሃሉን ከፈቱላት፤ አንገቷን እየሰበቀች ስትገባ ማሲንቆ መቺው ራሱ ዜማውን ከፍ አደረገላት። አሁን ያ መግቢያ ከትርዒታችን አይወጣም፤ ሰው እልል የሚለውም እዚያ ላይ ነው።

የሰውየው ነገር ሁሉ ደግ ነበር አልልህም። ሴቶቹ እንዲቀጥኑ አጥብቆ መጠየቁ እስከ ዛሬ ያስወቅሰዋል፤ ያገባቸው አራቱም ሴቶች ተወዛዋዦች ነበሩ። በ1962 ቡድኑን ይዞ ወደ ተወለደበት አገር ሄደ፣ በወጣ በ38 ዓመቱ። ወንድሙን አንድሪያን አገኘው፤ እናትና አባቱን ግን አላገኛቸውም። ይህን የማነሣው ላስጨንቅህ ብዬ አይደለም። እናትህ ጤነኛ ናቸው፣ ስልካቸውም ይሠራል፤ ዛሬውኑ ደውልላቸው።

ቡድን እስኪሞላልህ አትጠብቅ። አምስት ከመጡ ለአምስት ሥራ፣ ሁለት ከመጡ ለሁለት። የከበሮውን ምት ቀድቼ እልክልሃለሁ፤ ዝግ ያለውንና ፈጠን ያለውን ለየብቻ አደርገዋለሁ፣ ልጆቹ እንዳይምታታባቸው። አንተ ደግሞ የሚመጣው ቅዳሜ የመጡትን አቁመህ በስልክህ ቅረጽልኝ። እግራቸውም ይታይ፤ አቋቋማቸውን ማየት እፈልጋለሁ።

ወንድምህ፣
ከደብረ ማርቆስ