ፈራሚ አንድ፣ ጣሪያ አፍሳሽ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ሂሳብ ነው የምይዘው። ባለፈው ወር አንድ እሑድ የአመራር ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ «አገልጋይ መሪነት»ን፣ መሪ አስቀድሞ አገልጋይ ይሁን የሚለውን ሐሳብ፣ በፕሮጀክተር አሳየን። አሜሪካዊው ሮበርት ግሪንሊፍ በ1970 እ.ኤ.አ. የጻፈበት ሐሳብ ነው አለን። ጎበዝ አሠልጣኝ ነበር። የእኔ ሐሳብ ግን ጸሎተ ሐሙስ ላይ ሄደ። ያን ዕለት ካህኑ ዝቅ ብለው፣ በወይንና በወይራ ቅጠል፣ የባለሀብቱንም የሊስትሮውንም እግር ያጥባሉ። በዓመት አንዴ።

ሰኞ ጣሪያው አፈሰሰ። ሁለት ቆርቆሮ ለመግዛት አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን። ፈራሚው ለቀብር ክፍለ ሀገር ሄደው ነበር። ምክትል አላቸው፤ ግን መፈረም አልተፈቀደለትም። ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ እንዲያውም ከሁላችንም በላይ ይለፋሉ። ችግሩም ይኸው ሁሉን ብቻቸውን መያዛቸው ነው። ሙሴም ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቃ እንዲሾም መከረው (ዘጸአት 18)። ያለ ፕሮጀክተር!

ለሚቀጥለው ሥልጠና ስለ ፊርማ ውክልና አንድ ሰዓት ይያዝልን። ክረምቱ ደርሷል፤ ባልዲውም አንድ ብቻ ነው።

የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ከአዲስ አበባ